ጀሪካኑ ውስጥ ስንት ፐርሰንት ቀርቷል?

ሰኔ አጋማሽ ላይ የመንግሥት ሆስፒታሎች ግዥ ክፍል ኮሪደር መቆሚያ የለውም። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ነው። አቅራቢው ሁሉ በዚህ ሰሞን ከተማውን ያካልላል፤ ፕሮፎርማ ይሞላል፣ ማኅተም ያስመታል፣ ባንክ ቤት ተሰልፎ ሲፒኦ ያሠራል። እኔ የታደምኩት የጨረታ መክፈቻ ለአንድ የአዲስ አበባ ሆስፒታል የጽዳትና የፀረ ተህዋስያን ዕቃዎች የወጣ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም፤ ያየሁት ነገር የአንድ ሆስፒታል ብቻ አይደለምና።

ከሳጥኑ የወጡት ፖስታዎች በሰም ታሽገዋል። ጸሐፊው "ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት" የሚለውን አንብቦ አንድ በአንድ ቀደዳቸው። ፈሳሽ ሳሙና፣ ሳኒታይዘር፣ መወልወያ፣ ቢጫና ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት፣ ጓንት፤ እያለ በረኪና ላይ ደረሰ። "ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ የአንዱ ዋጋ" ብሎ ቁጥሩን ጠራ። ቀጠለ፤ ሌላ ቁጥር ጠራ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በየማስታወሻው ይጽፋል። ስንት ፐርሰንት ክሎሪን እንዳለው የጠየቀ ሰው አልነበረም። የሚጠየቅበት ቦታም የለም፤ የጨረታው ሰነድ ላይ የሠፈረው "በረኪና፣ ጥራት ያለው" የሚል ብቻ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት አቅራቢ አራተኛው ዋጋ ሲነበብ እስክሪብቶዋን ከደነች። "በዚህ ዋጋ ባለ አምስት ፐርሰንት በረኪና አይመረትም" አለችኝ ቀስ ብላ። "ጀሪካኑ ራሱ ስንት እንደሚገዛ አውቃለሁ። ከጀሪካኑ ዋጋ የተረፈው ለውሃውም አይበቃም።"

ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። ኬሚስትሪ ተምራለች፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በሚገኝ የኬሚካል መደብር ተቀጥራ ከሠራች በኋላ የራሷን ፈቃድ አወጣች። ለሆስፒታሎች፣ ለጤና ጣቢያዎችና ለግል ክሊኒኮች ታቀርባለች። በእርሷ ጨዋነት ልክ ስለ ገበያው የነገረኝ ሰው የለም፤ ስሟ እንዳይወጣ የጠየቀችኝ ግን ነገ እዚያው ኮሪደር ላይ መቆሟ ስለማይቀር ነው።

ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ለመረዳት በረኪና ምን እንደሆነ ማወቅ ግድ ይላል። በውሃ የሟሟ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ለቤት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ፐርሰንት ይይዛል። ሆስፒታል ውስጥ ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ የፈሰሰበት ወለል የሚጠረገው በ0.5 ፐርሰንት ነው፤ ሌላው በተደጋጋሚ የሚነካ ገጽ፣ የአልጋ ጠርዝ፣ የበር እጀታ፣ ጠረጴዛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለኮቪድ ባወጣው መመሪያ መሠረት በ0.1 ፐርሰንት ይጸዳል። ታኅሣሥ 2007 ወደ ምዕራብ አፍሪካ የዘመቱት የኢትዮጵያ ሐኪሞችና ነርሶች ከኢቦላ ጋር ሲታገሉ ከእጃቸው ያልተለዩት ሁለት ባልዲዎችም የዚህ ልጆች ናቸው፤ 0.5 ለዕቃና ለወለል፣ 0.05 ለእጅ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ያለህን ፐርሰንት ለምትፈልገው ፐርሰንት ታካፍላለህ፤ ከውጤቱ አንድ ትቀንሳለህ፤ የቀረው ለአንድ እጅ በረኪና የሚጨመረው የውሃ እጅ ነው። 5 ለ0.5 ሲካፈል 10፤ አንድ ሲቀነስ 9። "አንድ በዘጠኝ" የሚለው በየሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከዚህ የመጣ ነው። ወረቀቱ ግን የሚያውቀው ባለ 5 ፐርሰንቱን ጀሪካን ብቻ ነው። ጀሪካኑ 3 ፐርሰንት ከሆነ፣ ያው አንድ በዘጠኝ 0.3 ይሰጣል። ወለሉ ረጥቧል፣ ሽታው ሸቷል፣ መዝገቡ ላይ ፊርማው አለ። ደሙ ውስጥ ያለው ነገር ግን በታቀደው ልክ አልተነካም።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ዋጋ እንውሰድ። አንዱ አቅራቢ ባለ 5 ፐርሰንቱን ጀሪካን በ1,200 ብር አቀረበ፤ ሌላው ባለ 3 ፐርሰንቱን በ900 ብር። ኮሚቴው 900 ብሩን ይመርጣል፤ ሕጉም በዚህ አይወቅሰውም፤ የተጠየቀውን መስፈርት ያሟላ ዝቅተኛ ዋጋ ነውና። አሁን ወደ ባልዲው እንውረድ። የመጀመሪያው ጀሪካን 200 ሊትር ለሥራ የተዘጋጀ ባለ 0.5 ፐርሰንት ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ሊትሩ 6 ብር። ሁለተኛው በትክክል ከተበጠበጠ የሚወጣው 120 ሊትር ብቻ ነው፤ ሊትሩ 7 ብር ከ50። ርካሽ ተብሎ የተገዛው በሩብ ያህል ተወዷል። በሌላ አነጋገር ሆስፒታሉ ያተረፈ እየመሰለው ሁለት ጊዜ ከሰረ፤ በገንዘብም፣ በንጽሕናም። ይህ ሁሉ የማካፈል ሒሳብ ነው፤ በአገሪቱ የጨረታ ሰነዶች ውስጥ ግን "ለሥራ በተዘጋጀ ሊትር ስንት" የሚል ዓምድ ማየት ብርቅ ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

አቅራቢዋን ተከትዬ መጋዘኗ ሄድኩ። ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ግን ከጣሪያው ሥር ኮርኒስ አስገጥማለች፣ መስኮቱን በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍናለች። ነጩን ጀሪካን ትታ ብርሃን የማያሳልፉትን ትመርጣለች። በእያንዳንዱ ላይ የተመረተበት ቀን በማርከር ተጽፏል።

"ክሎሪን ይሞታል" አለችኝ። "ሰው መድኃኒት ጊዜው እንደሚያልፍ ያውቃል፤ በረኪና ጊዜው ያልፋል ስትለው ግን ይስቅብሃል።"

ሁለት ነገር ይገድለዋል፤ ብርሃንና ሙቀት። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመበላሸቱ ፍጥነት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። በ20 ዲግሪ ክፍል የተቀመጠና በ40 ዲግሪ መጋዘን የተቀመጠ በረኪና የመፍረስ ፍጥነታቸው ልዩነት ከአሥር እጥፍ ያልፋል ማለት ነው። ሰመራን፣ ጋምቤላን፣ ድሬዳዋን አስቡ። ብዙ ሰው የማይጠብቀው ደግሞ ይህ ነው፦ የወፈረው ከቀጠነው ፈጥኖ ይሞታል። ባለ 10 ፐርሰንቱን "ጠንካራ ነው፣ ይቆያል" ብሎ የሚያከማች ሆስፒታል በተቃራኒው ነው የሚሄደው።

አሁን ሰኔን መልሰን እናምጣው። የዓመቱ በጀት እንዳይመለስ የሚገዛው በረኪና የዓመቱ በረኪና ነው። አንዴ ተገዝቶ፣ በሞዴል 19 ገቢ ተደርጎ፣ ንብረት ክፍል ይደረደራል። በሞዴል 22 እየተቆረሰ ወደየክፍሉ ሲወጣ መስከረም ያልፋል፣ ጥር ያልፋል፣ ሚያዝያ ይደርሳል። በመዝገቡ ላይ ያለው ሊትር አልጎደለም። ንብረት ክፍሉ አንድ ሊትር ቢጎድል ይጠየቅበታል፤ ሁለት ፐርሰንት ቢጎድል የሚጠይቀው የለም። አቅራቢው ባያጭበረብር እንኳ፣ ተረካቢው ባይሰንፍ እንኳ፣ የበጀቱ አቆጣጠር ብቻውን ጀሪካኑን ባዶ ያደርገዋል።

ዱቄቱና እንክብሉ ለዚህ የተሻሉ ናቸው። ካልሲየም ሃይፖክሎራይት፣ በተለምዶ ኤችቲኤች የሚባለው፣ ከ65 እስከ 70 ፐርሰንት ክሎሪን ይይዛል፤ ባለ 70 ከሆነ 7 ግራሙ በአንድ ሊትር ውሃ 0.5 ፐርሰንት ይሰጣል። የክሎሪን እንክብሉ ደግሞ በደንብ ታሽጎ ከተቀመጠ ዓመታት ይቆያል። ጀሪካን ውስጥ ያለውን ውሃ ከአዲስ አበባ ጎዴ በመኪና መጫንም ይቀራል። ነገር ግን ሁለቱም ከውጭ ነው የሚመጡት፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬ ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሲሻገር፣ ከዚያ በፊት ዋጋ ሰጥተው ውል ያሰሩ አስመጪዎች ምን እንደሆኑ መገመት አይከብድም። አንዳንዱ አትርፎ ሳይሆን የውል ማስከበሪያው እንዳይወረስበት ብቻ ከኪሱ ጨምሮ አቀረበ። አንዳንዱ ከገበያው ወጣ። የቀረው ቦታ የተሞላው በአገር ውስጥ ተበጥብጦ በሚሸጠው ፈሳሽ ነው።

በአገር ውስጥ የሚመረተውን መናቄ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ ሲገኝ ሳኒታይዘር ከገበያ የጠፋው በቀናት ውስጥ ነው፤ ያኔ ሕዝቡ የተሰለፈው ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ በር ላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች በየላቦራቶሪያቸው የዓለም ጤና ድርጅትን ቀመር ይዘው መበጥበጥ ጀመሩ። ቀመሩ ለ10 ሊትር 8,333 ሚሊ ሊትር ባለ 96 ፐርሰንት ኢታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር ባለ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ፣ 145 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን፣ የቀረው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ነው። ከዚያ 72 ሰዓት ሳይነካ ይቀመጣል፤ ፐሮክሳይዱ በዕቃው ወይም በአልኮሉ ውስጥ የተደበቀውን የባክቴሪያ ዘር እስኪጨርስ። አገሩ ማምረት ይችላል። ያጣነው የሚለካውን ነው።

በዚያ ሰሞን አቅራቢዋ የገጠማት ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው "97 ፐርሰንት አልኮል አምጪ፣ 80ው ደካማ ነው" የሚል። ተቃራኒው ነው እውነቱ፤ አልኮል የተህዋሱን ፕሮቲን የሚያፈርሰው ውሃ ሲኖር ነው፤ ንጹሕ አልኮል ቶሎ ይተንናል፣ ሥራውንም በደንብ አይሠራም። ሁለተኛው በር ላይ የሚተከል፣ ሰው ሲያልፍ ኬሚካል የሚረጭ ዋሻ እንድታቀርብ ነው። ጥሩ ገንዘብ ነበረው። የዓለም ጤና ድርጅት ግንቦት 2012 ሰውን በኬሚካል መርጨት በምንም ሁኔታ እንደማይመከር ሲያስታውቅ፣ እርሷ ቀድማ እምቢ ካለች ሰንብታ ነበር። እንዲህ ያለውን እምቢታ ማንም አይጽፈውም። ሆስፒታል አቅራቢን የሚያውቀው በሸጠለት ዕቃ ነው፤ አልሸጥም ባለው አይደለም።

ሌላም አለ። ለዓመታት የተማርነው የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ከመታጠቡ በፊት በ0.5 ፐርሰንት ክሎሪን ለ10 ደቂቃ እንዲዘፈዘፍ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የመሣሪያ አያያዝ መመሪያ ይህን አይመክርም፤ ክሎሪኑ ብረቱን ይበላዋል፤ ደም ያለበት ነገር ላይም ክሎሪኑ በደሙ ይጠፋል። መታጠብ ይቀድማል። ይህን ለሆስፒታል የሚነግር አቅራቢ የራሱን ሽያጭ ይቀንሳል። አቅራቢዋ ትናገራለች። በዚህ የተነሣ የቀነሰባትን ትዕዛዝ ስታሰላ ግን ፊቷ ላይ ቅሬታ አላየሁም።

ማለዳ፣ የሌሊቱ ተረኛ ከመውጣቱ በፊት፣ በአንድ የማዋለጃ ክፍል ከአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ጋር ቆምኩ። ሃምሳን የተሻገሩ እናት ናቸው፤ ነርሶቹ "እትዬ" ነው የሚሏቸው። በኤጀንሲ የተቀጠሩ ናቸው። ባልዲያቸው ሰማያዊ ነው፤ መለኪያቸው የጀሪካኑ ክዳን ነው። ውሃው ቧንቧ ውስጥ ካለ ባልዲ ሙሉ ይቀዳል፣ ከሌለ በርሜል ውስጥ ከተጠራቀመው ይጨለፋል።

"እትዬ፣ ስንት ክዳን ነው የሚጨምሩት?" አልኳቸው።

"እንደ ሽታው ነው ልጄ። ዓይኔን ካቃጠለኝ በቃው እላለሁ። ካላቃጠለኝ እደግማለሁ።"

ግድግዳው ላይ አንድ በዘጠኝ የሚለው ወረቀት አለ፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የጀሪካኑ ምልክትም እንዲሁ። ክዳኑ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ የነገራቸው የለም። እኚህ እናት ግን ከግዥ ክፍሉም ከተረካቢ ኮሚቴውም በፊት ለውጡን ያወቁ ብቸኛ ሰው ናቸው። "ይኼ የዘንድሮው ውሃ ነው" አሉኝ። "ያምናው እጄን ይልጠኝ ነበር።" እጃቸውን አሳዩኝ፤ ቆዳው በየጣቱ መገጣጠሚያ ተሰነጣጥቋል። ወፍራም የጎማ ጓንት ሲጠይቁ የሚሰጣቸው ስስ የምርመራ ጓንት ነው፤ እርሱም ይቀደዳል።

አንድ ጊዜ ሽንት ቤት ሲያጥቡ የአሲድ ማጽጃውን በበረኪና ላይ ደርበውበት ትንፋሻቸው ተቋርጦ ወደ ውጭ እንደወጡ ነገሩኝ። አሲድና በረኪና ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። ሁለቱንም ዕቃ የሸጠው አንድ አቅራቢ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ መኪና አምጥቷቸው፣ በአንድ ሞዴል 19 ተረክበዋቸው። በሁለቱ ጀሪካኖች ላይ "እንዳይደባለቁ" የሚል በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአካባቢው በሚነገር ቋንቋ ሁሉ በጉልህ የማይጽፍ አቅራቢ ሥራውን ጨርሻለሁ ማለት አይገባውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዓለም አቀፍ ዘገባ መሠረት በበለጸጉት አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሕሙማን 7ቱ፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 15ቱ ይዘውት ባልመጡት፣ እዚያው በያዛቸው ኢንፌክሽን ይጠቃሉ። ከተጠቁት ከአሥር አንዱ ገደማ ይሞታል። ይህ ሁሉ ከወለል የመጣ አይደለም፤ እጅ፣ ካቴተር፣ የቀዶ ጥገና ዕቃ፣ ያላግባብ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ሁሉ አሉበት። ሆኖም የወለሉና የአልጋው ድርሻ ትንሽ አይደለም። ሞቱ ሲመዘገብም "ሴፕሲስ" ተብሎ ነው የሚመዘገበው፤ ስለ ጀሪካኑ የሚጽፍ የለም።

ጀሪካኑ የተጻፈበት አንድ አገር አለ። ሩማንያ።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 2015 ሌሊት ቡካሬስት ውስጥ ኮሌክቲቭ የተባለ የምሽት ክለብ በሙዚቃ ዝግጅት ላይ ሳለ በእሳት ተያያዘ። በአጠቃላይ 64 ሰዎች ሞቱ። ከግማሽ በላዮቹ ግን ያረፉት በዚያ ሌሊት አልነበረም፤ በቀጣዮቹ ቀናትና ሳምንታት፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። ቃጠሏቸው ለሞት የማያደርስ የነበረ ወጣቶችም አሉባቸው። ቤተሰብ ለምን ብሎ መጠየቅ ጀመረ። መልሱን ያገኘው መርማሪ ፖሊስ አልነበረም፤ ጋዜታ ስፖርቱሪሎር የተባለ የስፖርት ጋዜጣ ነው። አዘጋጁ ካታሊን ቶሎንታንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ሄክሲ ፋርማ የተባለ የአገር ውስጥ ኩባንያ ለሆስፒታሎች የሚሸጠውን ፀረ ተህዋስያን ፈሳሽ አስመረመሩ። ምልክቱ ላይ ከተጻፈው እስከ አሥር እጥፍ የቀጠነ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው ከ350 በላይ ሆስፒታሎችን ያቀርብ ነበር።

ጨረታ ነበራቸው። ሰነድ ነበራቸው። የአውሮፓ ኅብረት ደረጃ ነበራቸው። ፋብሪካው ምልክቱ ላይ የጻፈውን ፐርሰንት ሁሉም ያነበው ነበር። ግን ከፋብሪካው ውጭ ጀሪካኑን ከፍቶ የለካ አልነበረም። ሚኒስቴሩ መጀመሪያ ባስደረገው ምርመራ አብዛኛው ደህና ነው ብሎ ነበር። ግንቦት ላይ የጤና ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በዚያው ወር የኩባንያው ባለቤት መኪናቸው ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞቱ። ታሪኩን አሌክሳንደር ናናው በፊልም ሠርቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሁለት ኦስካር ታጨ። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ቀላሉ ነገር ነው። በሀብታም አህጉር፣ በተማረ አገር፣ ከ350 በላይ ግዥ ክፍሎች አንድ ዓይነት ፈሳሽ ገዝተው፣ ጋዜጠኛ እስኪመጣ ድረስ የለካ አልተገኘም። ለምን? ፀረ ተህዋስያን ካልሠራ ወዲያው አይታወቅም። አምፖል ቢበላሽ ጨለማ ይሆናል። የቀጠነ በረኪና ግን ወለሉን እንደ ጥሩው ያረጥበዋል።

አቅራቢዋ ይህን ታሪክ ታውቃለች። እኛ ዘንድ ያለው ዘዴ ያን ያህል የተራቀቀ አይደለም ትላለች። አንዱ ናሙና ነው። ጨረታ ሲወጣ ናሙና ይቀርባል፤ ናሙናው ጥሩ ነው፤ ከመደርደሪያ የተገዛ የሌላ ፋብሪካ ምርት ሊሆንም ይችላል። ቴክኒክ ኮሚቴው ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ ያጸድቀዋል። ጭነቱ ሲመጣ ከናሙናው ጋር የሚያነጻጽር የለም። ሌላው ሽታና አረፋ ነው። ትንሽ ሳሙና ጨምሮ አረፋውን ማብዛት፣ መዓዛ ጨምሮ የክሎሪን ሽታውን መሸፈን ቀላል ነው፤ "ይሄ ጥሩ ነው፣ አረፋ አለው" ይባላል። ሦስተኛው ዘዴ ስም የለውም፤ ክፍያ ሲዘገይ የሚመጣ ነው።

ለዚህ ለመጨረሻው ልቤ ይከፈላል። ውሉ ላይ ዕቃው ገቢ በተደረገ በ30 ቀን ይከፈላል ይላል። ብዙ ጊዜ ወራት ያልፋል። የውሉ 10 ፐርሰንት ማስከበሪያ ባንክ ውስጥ ታስሯል፤ ኪራዩ፣ ደመወዙ፣ ግብሩ አይጠብቁም። ፋይሉ ከግዥ ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ሥራ አስኪያጁ ይዞራል፤ አንድ ፊርማ ያዥ ሥልጠና ላይ ነው። አቅራቢው ከወዳጅ ይበደራል፣ ዕቃውን በዱቤ ይወስዳል፣ ዱቤው ዋጋ ይጨምርበታል። ሁለተኛውን ጭነት የሚያስገባው የመጀመሪያው ገንዘብ ሳይደርሰው ነው። እዚህ ጋ ነው ሐቀኛ የነበረው ሰው ጀሪካኑ ላይ ውሃ ማየት የሚጀምረው። ይህን ስል ማጽደቄ አይደለም። በጊዜ የማይከፍል ሆስፒታል ግን የገዛ ኬሚካሉን ራሱ እያቀጠነ መሆኑን ይወቅ።

አቅራቢዋ በራሷ ወጪ ከእያንዳንዱ አምስት ጀሪካን ጋር አንድ ምልክት ያለው ባለ አንድ ሊትር የፕላስቲክ ጆግ ጨምራ መላክ ጀመረች። "ለእትዬዎቹ ነው" ትላለች። አንድ ሆስፒታል ንብረት ክፍል ጆጎቹን መረከብ አልፈለገም፤ የግዥ ትዕዛዙ ላይ የሉም፣ በየትኛው ተራ ቁጥር ገቢ ይደረጉ? መኪናው በር ላይ ግማሽ ቀን ቆመ። በመጨረሻ ጆጎቹን አውርዳ ለዋርዱ ኃላፊ በእጇ ሰጠች።

ያገኘሁት በጎ ነገር ሌላ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ በአንድ የፋርማሲ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ። ዝምተኛ ሰው ናቸው። ከላቦራቶሪው ቡሬት ተውሰው ጥግ ላይ ተክለዋል። ከመጣው ጭነት ሦስት ጀሪካን እንዳጋጣሚ ይመርጣሉ፤ ተረካቢ ኮሚቴው ባለበት። ከእያንዳንዱ ጥቂት ሚሊ ሊትር ወስደው በውሃ ያቀጥናሉ፣ ፖታሲየም አዮዳይድና አሲድ ይጨምሩበታል። ፈሳሹ ወዲያው ቡናማ ይሆናል፤ ክሎሪኑ አዮዲኑን ነጻ አውጥቶት ነው። ከዚያ ሶዲየም ታዮሰልፌት ጠብ ጠብ ያደርጉበታል፤ ቡናማው እየገረጣ ቢጫ ይሆናል። ጥቂት ስታርች ሲነካው ሰማያዊ ጥቁር ይመታል። ሌላ ጠብታ፣ ሌላ ጠብታ፣ ከዚያ ድንገት ውሃ ይመስላል። ቡሬቱ ላይ ያለውን ቁጥር ያነባሉ፣ ያባዛሉ፣ ፐርሰንቱ ይወጣል። ከጀማሪ ኮሌጅ ተማሪ አቅም በላይ አይደለም፤ ለአንድ ናሙና ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

እኔ ባለሁበት ቀን ከሦስቱ ሁለቱ 4.8 እና 4.9 ወጡ። ሦስተኛው 3.1። ሰውየው አልተቆጡም። አቅራቢውን በስልክ ጠርተው "ይኼኛው ከሌላ ምርት ተደባልቆብሃል መሰለኝ" አሉት። አቅራቢው መጣ፤ ጀሪካኖቹን በቀናቸው ሲለዩአቸው ከጭነቱ ውስጥ ከአራት ወር በፊት የተመረቱ ተቀላቅለዋል። ለወጣቸው። ይህ ሰው ሆን ብሎ አላጭበረበረም ብዬ አምናለሁ፤ ለካሁልህ ያለው ሰው ስላልነበረ የራሱን መጋዘን አያውቀውም ነበር።

ኃላፊው ከዚያ በኋላ ወደ ግዥ ክፍል ሄደው ሰነዱን አስቀየሩ። "በረኪና፣ ጥራት ያለው" የሚለው ተሰርዞ ፐርሰንቱ፣ የምርት ቀኑ፣ ርክክብ ሲደረግ የሚለካ መሆኑ ገባ። ዋጋ የሚወዳደረው ለሥራ በተዘጋጀ ባለ 0.5 ፐርሰንት ሊትር ሆነ። ውሉ በአንድ ጊዜ ይታሰራል፤ ዕቃው ግን በየሩብ ዓመቱ ነው የሚገባው፤ ሰኔ ላይ የታሰረው በጀት ሐምሌ፣ ጥቅምት፣ ጥር፣ ሚያዝያ ላይ ትኩስ በረኪና ይሆናል። ፋይናንስ ክፍሉን ለማሳመን ነው ብዙ የደከሙት። የመጡት ተጫራቾች ካለፈው ዓመት አነሱ፤ ኮሚቴው ሰግቶ ነበር። የቀረቡት ዋጋዎች ግን በሥራ ሊትር ሲሰሉ ካለፈው ዓመት አሸናፊ ዝቅ ብለው ተገኙ። ወጣቷ አቅራቢም ተወዳድራ ሁለተኛ ወጣች። "በፐርሰንት መሸነፍ ደስ ይላል" አለችኝ፤ በሙሉ ልቧ ነው የተናገረችው።

የቡሬቱ ሪኤጀንት እያለቀ ነው። እስካሁን የተጠቀሙት ከውሃ ምርመራ ከተረፈው ላይ ነው። ታዮሰልፌትና ፖታሲየም አዮዳይድ በፋርማሲው ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም፤ በላቦራቶሪው ዝርዝርም ለዚህ ሥራ አልተያዙም። ኃላፊው ለሚመጣው ሐምሌ በጀት እንዲያዝላቸው ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ደብዳቤው ከሥራ አስኪያጁ ወደ ዕቅድ ክፍል ተመርቷል።